የጀልባ ሒሳብ

የምሠራው ከመስታወት ኋላ ነው። በባንካችን የውጭ ምንዛሪ ክፍል ተቀምጬ ፓስፖርትና የአውሮፕላን ቲኬት እቀበላለሁ፤ ቪዛውን አያለሁ፤ የመዳረሻውን አገር ስም እመዘግባለሁ፤ ዶላሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ «መልካም መንገድ» እላለሁ። ነጋዴው ጓንዡ ይሄዳል፣ ዱባይ ይሄዳል። ሕመምተኛው ባንኮክ ወይም ዴልሂ። እነዚህን የምሸኘው ብዙም ሳላስብ ነው። አልፎ አልፎ ግን የእጃቸው ሒና ያልደበዘዘ ሙሽሮች ይመጡና ቲኬታቸው ላይ «ዛንዚባር» የሚለውን ቃል አነባለሁ። ያን ቀን የሒሳብ መዝጊያው ሰዓት አልደርስ ይለኛል። ነጭ አሸዋ፣ የተወጠረ ሸራ፣ ከእንጨት የተሠራ ጀልባ… ይህ ሁሉ ከገንዘብ መቁጠሪያው ማሽን ድምፅ ጋር እየተቀላቀለ ይመላለስብኛል።

ዛንዚባርን ደመወዜ አይደፍራትም። ስለዚህ ደሴት ሲያምረኝ ካርታውን ወደ ራሴ አገር እስበዋለሁ። ጣናን ተማሪ ሳለሁ አይቼዋለሁ። የዝዋይ ደሴቶች ቅርብ ናቸው፤ ቅርብ ነገር ደግሞ ለእኔ ጉዞ አይመስለኝም (ይህ የራሴ ድክመት ነው)። የቀረው አባያ ነበር። አባያ ሐይቅ ላይ ጊዲቾ የሚባል ደሴት አለ፤ ባይሶና ሃሮ የሚባሉ ሁለት ሕዝቦች ይኖሩበታል። የባይሶ ቋንቋ ከኩሽ ወገን ነው፤ የሃሮው ከኦሞ ወገን። በአንዲት ደሴት ላይ ከሁለት የተለያዩ የቋንቋ ቤተሰቦች የመጡ ጎረቤታሞች! ሃሮዎቹ ጥንት በጉማሬ አዳኝነታቸው የታወቁ እንደነበሩም አነበብኩ። በዚያ ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ፤ እንደ ልማዴም ግጥም ጻፍኩ። ግጥሙ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

ባላየሁት ደሴት ጎጆዬን ቀልሼ፣
በማዕበል አልጋ ላይ ሰማይን ለብሼ፤

ሳላየው መጻፌ ያን ጊዜ አላሳፈረኝም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አርባ ምንጭ ለመውረድ ተስማማን። «ተስማማን» ማለቴ ለወጉ ነው፤ እናታችን ናት የወሰነችው። «አንተ ፈቃድህን ይዘህ ብቻህን ከምትዞር ወንድምህን ከዚያ ከአሉሚኒየም ጩኸት አውጣው» አለችኝ በስልክ። ወንድሜ አዲስ አበባ ውስጥ በርና መስኮት ይሠራል፤ ከሥራው ቤት፣ ከቤት ሥራው፤ ሌላ መንገድ አያውቅም።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። እኛ ከደሴ በስተሰሜን ያለችው የሐይቅ ከተማ ልጆች ነን። ጥንት ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ የተያያዘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ማለቴ ነው። እኔ ዳር ተቀምጬ መጽሐፍ ሳገላብጥ እሱ ሐይቁ መሐል ገብቶ ጭንቅላቱ ነጥብ እስኪያህል ይዋኝ ነበር። በ2005 ዓ.ም. እንደ ብዙ የወሎ ልጆች ባቲንና ሚሌን አልፎ ጅቡቲ ገባ፤ ከኦቦክ በጀልባ የመን ተሻገረ፤ ከዚያም ሳዑዲ። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወርና በተከታዮቹ ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሱም አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ ቦሌ ወረደ። ስለ መንገዱ አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነውም። ቤተሰብ የሚባለው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፤ ያልተጠየቀው ነገር ዳቦ መሶብ ስር እንደተቀመጠ ቢላ ሆኖ ዓመታት ያልፋሉ።

እና እኔ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ «ውሃ ይወዳል፤ ጀልባ ደስ ይለዋል» ብዬ አሰብኩ።

ሁለት የጀርባ ቦርሳ አንግተን ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሶዶ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሹራብ ይወልቃል፤ በግራ በኩል አባያ ብቅ ይላል፤ የሸክላ ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስል ቀይ ነው። ምዕራብ አባያ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት «አባባ፣ ጊዲቾ የቱ ነው?» አልኳቸው። በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አመለከቱኝ። ደብዘዝ ያለ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ደመናም ሊሆን ይችላል። ወንድሜ በቀኝ በኩል ሙዙን ያይ ነበር።

ሲቀላ ከአውቶቡስ እንደ ወረድን አንድ ወጣት ደላላ ቦርሳችንን አይቶ ተጠጋን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስድብም ግፊያም የለበትም። «ጀልባ ነው የምትፈልጉት? ማኅበሩ ጋ ብትሄዱ እጥፍ ነው የሚያስከፍሏችሁ። እኔ የማውቀው ዓሣ አስጋሪ አለ፤ ሞተርም አለው፤ ደረሰኝ ምናምን የለም፤ በግማሽ» አለን። እኔ ወዲያው በአእምሮዬ ማካፈልና መቀነስ ጀመርኩ። ወንድሜ ግን «ስንት ሰው ይዞ ነው የሚሄደው?» ሲል ጠየቀ። «እንደ መጣው ነው» አለ ልጁ እየሳቀ። ወንድሜ ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ምን እንዳስቆጣው አልገባኝም፤ ልጁን ይቅርታ ጠይቄ ተከተልኩት።

በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። አሠራሩን ላስረዳ፤ ከአንባቢዎቼ መካከል የሚሄድ አይጠፋምና። ዋጋው የሚቆረጠው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። አንድ ሰውም ሆንክ ስድስት ያው ነው። ስለዚህ በኪሱ የሚጓዝ መንገደኛ የመጀመሪያ ሥራው ወጪ ተካፋይ መፈለግ ነው፤ በየሆቴሉ እየዞረ «ነገ ጫሞ የምትሄዱ አላችሁ?» ይላል። የፓርኩ መግቢያ ለብቻው ነው፤ ጀልባው ወዳለበት የሐይቁ ዳርቻ የሚያደርሰውም መኪና ለብቻው። ሦስቱን ደምሬ ለሁለት ሳካፍለው የእኔ ድርሻ ብቻ ከወር ደመወዜ ሩብ አለፈ። ለስድስት ሲሆን ግን ይቻላል።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጊዲቾ ነበር። በጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ አለች። ጊዲቾ በአባያ ሰሜናዊ በኩል ነው፤ ከዚህ በጀልባ ከተሄደ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ መዋል ነው፤ የነዳጁ ዋጋ ብቻውን ሌላ ነገር ነው፤ ወይም ተመልሳችሁ ምዕራብ አባያ ሄዳችሁ ከዚያ ተሻገሩ። «አብዛኛው ሰው የሚሄደው ጫሞ ነው፤ የአዞ ገበያ። በሁለት ሰዓት ትመለሳላችሁ።»

«ሁለቱ ሰዓት ይሻላል» አለ ወንድሜ። ደሴቴ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀረች።

ከዚያ እሱ መጠየቅ ጀመረ። ጀልባው ስንት ሰው ነው የሚይዘው? ከዚያ በላይ ጭናችሁ ታውቃላችሁ? ላይፍ ጃኬት ስንት ነው? ለነጂውስ አለው? ሞተሩ ቢጠፋ መቅዘፊያ አለ? ነፋስ ቢነሳ ማነው «እንመለስ» የሚለው፤ ነጂው ወይስ የከፈለው ሰው? እኔ በኀፍረት መሬት መሬቱን አየሁ፤ ለመዝናኛ የመጣን ሳይሆን ጀልባውን ልንገዛ የመጣን አስመሰለው። ልጅቷ ግን አንድ በአንድ መለሰችለት፤ እንዲያውም ደስ ያላት ይመስል ነበር። በመጨረሻ «ክፍያው ሙሉውን አሁን ነው?» አለ። ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ስትመለሱ። ይህን ሲሰማ ትከሻው ወረድ ሲል አየሁ። «ሲመለሱ?» ሲል ደገመ። «አዎ፣ ሲመለሱ።» ቀብዱን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ደረሰኙን ተቀበለ፤ እኔ እንኳ ደረሰኝ እንደዚያ አንብቤ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተካፋዮቻችንን አገኘን፤ ከሐዋሳ የመጡ አዲስ ተጋቢዎች (ባልየው የባዮሎጂ መምህር ነው) እና እንደኛው ቦርሳ ያነገቱ ሁለት ፈረንጆች። ከእኛ ጋር ስድስት።

ሲመሽ ሴቻ ወጣን። አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት፤ ሲቀላ ከታች፣ ሴቻ ከላይ። ከሴቻ አፋፍ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩ ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በግራ አባያ ቀልቶ፣ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት የተራራ ጉብታ። ቀለማቸው የተለያየው አባያ ከየወንዙ የሚገባውን ደቃቅ አፈር ሳያጠልል ስለሚይዝ ነው። ከታች በደኑ ውስጥ ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች አሉ። ውበቱ ሲያሸንፈኝ ያቺን ግጥሜን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወንድሜ ግጥሞቼን ሲሰማ ብዙ ጊዜ ወይ ይስቃል ወይ «ጥሩ ነው» ይላል። ያን ማታ ግን ሻይውን አስቀምጦ፣

«ማዕበል አልጋ አይሆንም» አለኝ።

ዝም አልኩ። እሱም ዝም ብሎ ቆየና ጫሞን እያየ ተናገረ። የተናገረውን እንዳለ ነው የማስቀምጠው።

«የጫኑን ማታ ነው። ቀን ባሕሩ ዳር አስተኝተው ሲያውሉን ሥራ ስላልነበረኝ ሰዉን ቆጠርኩት። መቶ ሠላሳ አራት ነበርን። ገንዘባችንን ቀድመው ተቀብለዋል። ጠዋት ማዶ ስንደርስ እንደገና ቆጠርኩ። መቶ ሃያ ዘጠኝ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ስም የጻፈ የለም፤ ሌላ የቆጠረም የለም። አንዱ የኛው አገር ልጅ ነበር፤ ሌሎቹን አላውቃቸውም።»

ከዚያ በላይ አላለም። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በየካቲት 2013 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳች ጀልባ ውስጥ ከነበሩት 200 ያህል ሰዎች ሰማንያውን አሻጋሪዎቹ ወደ ባሕር እንደወረወሯቸው፣ ቢያንስ ሃያ እንደሞቱ ዜናው በተነገረ ቀን፣ እኔ እቤት ከስልኬ ላይ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ወንድሜ በመሐል ተነሥቶ የማይፈሰውን ቧንቧ ሊጠግን ወጣ። ያን ቀን «ይህ ልጅ ለሰው ነገር ግድ የለውም» ብዬ በልቤ ታዝቤዋለሁ።

«እንተወው፤ ቀብዱ ይቅር» አልኩት።

«ለምን? ጥሩ ጀልባ ነው የመረጥነው» አለኝ።

ጠዋት ከከተማው ወደ ኮንሶ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወርደን ወደ ሐይቁ ታጠፍን። የጠዋቱ ምርጫ የእሱ ነበር፤ ነፋስ ሳይነሳ። ነጂው ሃምሳ የሚሆናቸው፣ በጋሞኛ ከረዳታቸው ጋር ሲያወሩ የሚዘፍኑ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ወንድሜ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ከዚያ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። ጃኬቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ማሠሪያቸውን ሳበ። ስምንት ነበሩ፤ ስድስት ለእኛ፣ ሁለት ለእነሱ። የአንዱ ማሠሪያ የላላ ስለነበር ቋጠረው። የነዳጁን ጀሪካን አነሳና ክብደቱን መዘነ። መቅዘፊያውን አየ። ነጂው በትዕግሥት ቆመው ይመለከቱታል። «የእኔ ልጅ፣ አንተ ባሕር ላይ ሠርተሃል?» አሉት። «ተሳፍሬያለሁ» አለ።

ሁሉም ገባ። ለእኔ ጃኬቱን ራሱ አለበሰኝ፤ ማሠሪያውን እስከ አገጬ አጠበቀው። እኔ መዋኘት አልችልም፤ ያውቃል። ከዚያ ወደ ኋላ ተራምዶ ከጀልባዋ ወረደ።

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

በዚያች ቅጽበት ከአፌ የወጣውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የባንክ ሰው ነኝና «ድርሻህ ተከፍሏል እኮ!» አልኩት።

ሳቀ። የእውነት ሳቅ ነበር። «ቀሪውን ግማሽ እኔ እይዘዋለሁ። ስትመለሱ እከፍላለሁ» አለና ሁላችንም ያዋጣነውን ብር ከእጄ ተቀበለኝ።

ስለ ጫሞ ብዙ ተጽፏል፤ አላበዛም። የአዞ ገበያ የሚባለው ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ነው። ሻጭም ገዢም የለበትም፤ አዞዎቹ ብቻ የጠዋቱን ፀሐይ እየሞቁ አፋቸውን ከፍተው ዳሩ ላይ ተደርድረዋል። አፋቸውን መክፈታቸው ለቁጣ ሳይሆን ሙቀታቸውን ለመቆጣጠር መሆኑን መምህሩ አስረዳን። ግዙፎቹ ከጀልባችን ርዝመት ብዙም አያንሱም። ከእነሱ ብዙ ሳይርቅ አንድ ዓሣ አስጋሪ ከቀላል ግንዶች በተጠረበች ታንኳ ላይ፣ እግሩ ውሃውን እየነካ፣ መረቡን ይስባል። ፈረንጆቹ ፎቶ አነሱት። እሱ ቀና ብሎም አላየን። ጉማሬዎች ጆሯቸውን ብቻ አሳይተው ሲሰምጡ ነጂው ሞተሩን ቀነሱና ዙሪያቸውን ራቅ ብለው አለፉ።

ከማዶ የነጭ ሣር ሜዳ ይታያል። መምህሩ ለሙሽራው ስለ አንዲት ወፍ ሲነግራት ሰማሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 አጥኚዎች በዚያ ፓርክ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ፤ ይዘውት የሄዱት አንድ ክንፏን ብቻ ነበር። በዚያ ክንፍ ብቻ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ ዝርያ ተብላ ስሟ በሳይንስ መዝገብ ገባ። «አንድ ክንፍ ብቻ?» አለች ሙሽራዋ። «አንድ ክንፍ» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ ግጥም አወጣ ነበር። እኔ ግን ወደ ኋላ ነበር የማየው። ዳሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ይታየኛል፤ እየራቅን ስንሄድ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ ዛፍ ይሁን ሰው መለየት አቃተኝ። ልጅ ሳለን እኔ ዳር ሆኜ እሱን የማየው እንደዚያ ነበር።

ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ የእሱ ጃኬት ተቀምጦበታል።

ስንመለስ ነፋሱ መነሣት ጀምሮ ነበር፤ ውሃው ጀልባዋን ከሥር ይመታታል። እጄ የወንበሩን ብረት ጨብጦ ደነዘዘ። ዳሩ ሲቀርብ ዛፉ ዛፍ ሆነ፤ ሰውየውም ሰው ሆነ። ያው ቦታ ላይ ነው። ጥላ ነበር፤ ሊቀመጥበት የሚችል ግንድም ነበር። ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ቆሞ እንደነበር የጥበቃው ልጅ በኋላ ነገረኝ።

ረዳቱ ገመዱን ወረወረ። ወንድሜ ተቀብሎ አሠረው። ፈረንጆቹ ወረዱ፤ ሙሽሮቹ ወረዱ፤ እኔ ወረድኩ። አልተናገረም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከእኛ በኋላም ዓይኑን ከጀልባዋ አላነሳም። ረዳቱ ወረደ። ነጂው ሞተሩን አጥፍተው፣ ጀሪካኑን ይዘው፣ እያቃሰቱ ወረዱ።

«ሰባት» አለ ወንድሜ።

ከዚያ ብሩን ከኪሱ አወጣና ለነጂው ቆጥሮ ሰጣቸው።